ሁለት ክንድ ገመድ

የነብቅ ደሴት፣ ሐምሌ 6

ለተከበሩ መምህርቴ ለአብላ ኢቅባል፤ እስክንድርያ።

ከሁሉ አስቀድሜ ከወንዙ ማዶ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? የባሕሩ አየር ተስማማዎት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ አባቴ ደህና ነው፤ የምናልባት ጎሻችንም ወልዳለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ስንፍና አይምሰልዎት። ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው እንጂ ደብዳቤዎንስ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ለምን ከፈተናው ቀረሽ ላሉኝ መልሱ አጭር ነው፤ አላመመኝም፣ እንቅልፍም አልጣለኝም። ሒሳቡን ተፈተንኩ፣ ጂኦግራፊውን ተፈተንኩ፣ እንግሊዝኛውንም እንደምንም ተገላገልኩት። በመጨረሻው ቀን፣ በዐረብኛው ቀን፣ ነፋስ ተነሣ። ነፋስ ስልዎት የዶሮ ላባ የማይወስድ ነፋስ! አባቴ ከጀልባው አጠገብ ቆሞ ሰማዩን አየ፣ ውሃውን አየ፣ እኔን አየኝና «ዛሬ አይፈታም» አለ። በቃ። ደብተሬን ታቅፌ እስከ ቀትር ሾላው ሥር ተቀመጥኩ። የትምህርት ቤታችን ደወል ከማዶ ይሰማኝ ነበር፤ ያን ያህል ቅርብ ነው።

ደሴታችን ላይ ያለው ማሻገሪያ ጀልባ አንድ ነው፤ እሱም የአባቴ ነው። ስለዚህ አባቴ «አይፈታም» ካለ ለእኔ ዓለም አልተፈታም ማለት ነው።

ግን ክፉ ሰው አድርገው እንዳያዩብኝ። እኅቴ ኢንሺራሕ ከስምንት ዓመት በፊት ነርስነት ልትማር ማዶ አደረች። በአሥረኛው ቀን በትኩሳት ሞተች። ስትሄድ ያሻገራት አባቴ ነው፤ ሬሳዋንም በዚያው ጀልባ ያመጣው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ሕግ አንድ ናት፤ ቡሰይና ማዶ ትውላለች እንጂ አታድርም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ሕጉ ጠብቋል።

የሁለተኛው ዙር ፈተና መስከረም 2 ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ነው ብለውኛል። አብላ፣ በመስከረም ወንዙ ሙሉ ነው። ያኔ ለመሻገር ግማሽ ቀን ይፈጃል። በዋዜማው ሄጄ ማዶ ካላደርኩ አልደርስም። እንግዲህ የቀረኝ አንድ ፈተና፣ አንድ ታሪክና አንድ ሌሊት ነው። ካለፍኩ አስዩጥ ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ እገባለሁ። ካላለፍኩ ዓመት መድገም የሚባል ነገር እንደሌለ አባቴ ከወዲሁ ተናግሯል፤ ከጎሿ ጋር መቅረቴ ነው። እባክዎ፣ መጥተው ያናግሩልኝ።

ስለ ትምህርቱ ለጠየቁኝ፦ ለፈተናው የተመደበልንን ታሪክ፣ «የአሻጋሪው ቃል»ን፣ የሚተርክልን ራሱ አሻጋሪው ነው። የሚሰማው ደግሞ ስሙ ያልተጠቀሰ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል የማይተነፍስ ተሳፋሪ ነው። አሻጋሪው ልጁን ዘይንን ማዶ ሄዳ ሽመና እንዳትማር እንዴት እንደከለከላት፣ ጎርፉም ከነጀልባዋ እንዴት እንደወሰዳት እየቀዘፈ ይነግረዋል። ታሪኩ የተጻፈው በአንደኛ መደብ ነው። ጭብጡ ደግሞ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የአባት ፍቅር ነው። ትክክል ነኝ?

አንድ ነገር ልንገርዎት። አባቴ ፊደል አይለይም። ደብዳቤዎን ከፖስታ ቤት ያመጣና «በይ አንብቢ» ይለኛል። እኔም የሚነበበውን አነብለታለሁ፣ የማይነበበውን እውጠዋለሁ። ስለዚህ የፈለጉትን ይጻፉልኝ፤ አንባቢዋ እኔ ነኝ።

ተማሪዎ ቡሰይና ሺሓታ

—

እስክንድርያ፣ ሐምሌ 17

ለውድ ልጄ ለቡሰይና፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ለአባትሽም ለዓም ሺሓታ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ጽሑፍሽ አሁንም ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ፈታኝ ሲያነብ አንገቱን ማጣመም የለበትም፤ አስተካክዪው።

«መጥተው ያናግሩልኝ» ላልሽው፣ አልችልም። ያለሁት ወንድሜ ቤት ነው፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ነኝ። የክፍሌ መስኮት የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። እስክንድርያ ነሽና ባሕሩን በየቀኑ ታዪያለሽ ብለሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ብመጣስ አባትሽ ያናግረኛል? በሚያዝያ በወደቡ ላይ ሰው ፊት «ልጅዎን እንደ ጎሽ አስረዋታል» ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ገመዱን ያጠበቅኩብሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በዪኝ።

ለምን ወደዚህ እንደተዛወርኩ በቀደሙት ደብዳቤዎችሽ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። ስንገናኝ እነግርሻለሁ።

ወደ ትምህርታችን። ስለ ተራኪው የጻፍሽው ትክክል ነው። ስለ ጭብጡ የጻፍሽው ግን አያዋጣም። «እኔ እንደሚመስለኝ» የሚል ነገር ከብዕርሽ እንዳይወጣ። ፈታኙ እጅ ላይ ያለው ትንሿ የመልስ መጽሐፍ ናት፤ ያንቺን ጽሑፍ ከእሷ ጋር አስተያይቶ ነው ነጥብ የሚሰጥሽ። ጭብጥ፦ ዕጣ ፈንታን በጸጋ መቀበልና ለወላጅ መታዘዝ። የአሻጋሪው ባሕርይ፦ አፍቃሪ፣ አስተዋይ፣ በሐዘን የተጎዳ። የዘይን ባሕርይ፦ ችኩል። ተሳፋሪው በመጨረሻ ሰላም ሳይል ለምን ወረደ? ሐዘን አፉን ስለዘጋው። እንዳለ ሸምድጂው። ካለፍሽ በኋላ የሚመስልሽን ሁሉ ትጽፊያለሽ።

ይህን ስጽፍልሽ ደስ እያለኝ እንዳይመስልሽ።

መምህርትሽ ኢቅባል

—

የነብቅ ደሴት፣ ነሐሴ 1

ለተከበሩ አብላ ኢቅባል፤

እንዴት ሰነበቱ? ውሃው ቀልቷል። ከትናንት ወዲያ የታችኛውን የበቆሎ ማሳ ወሰደው። ደሴታችን በየቀኑ እያነሰች ነው፤ ባለፈው ሳምንት ከቤታችን እስከ ዳርቻው መቶ ሃያ እርምጃ ነበር፣ ዛሬ ሰማንያ አምስት ነው። ሥራ ፈትቼ እንዳልቆጠርኩት ይወቁልኝ፤ እየሸመደድኩ ነው የምቆጥረው። «አፍቃሪ» አንድ እርምጃ፣ «አስተዋይ» አንድ እርምጃ።

የማጠናው ጮክ ብዬ ነው። ስለዚህ ጣጣ መጣ። አንድ ቀን መረቡን ሲጠግን አጠገቡ ሆኜ ሳነብ አባቴ እጁን አቆመ።

«ይሄ ሰውዬ አሻጋሪ ነው እንዴ?»

«አዎ አባ።»

«እና እስካሁን አትነግሪኝም? ከመጀመሪያው አንብቢልኝ!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ እረፍት የለኝም። እራት በልተን ሳንጨርስ «አምጪው ያንን ሰውዬ» ይላል። በየመስመሩ ያስቆመኛል። «ጀልባው ስንት ሰው ይጭናል?» ጸሐፊው አልጻፈውም አባ። «ሸራው ባለስንት ስፌት ነው?» አልተጻፈም። «ታዲያ ምኑን ጻፈው?!» አሻጋሪው የዘይንን መቅዘፊያዎች ደብቆ ቤት ያስገባበት ቦታ ላይ ስደርስ ደግሞ ጭኑን በጥፊ መታ። «ጎበዝ! አባት ማለት ይሄ ነው! እነዚህ የመንግሥት ሰዎች ደህና ነገር ያስተምራሉ ለካ፤ እኔ እኮ የሚያስተምሯችሁ ከንቱ ነገር ይመስለኝ ነበር።» ከኢንሺራሕ ሞት ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ታዲያ መጨረሻውን እንዴት አነብለታለሁ? ዘይን መስጠሟን ቢሰማ «አየሽ? ወንዝ ማዶ የሚያይ ሰው መጨረሻው ይሄ ነው» ብሎ መስከረም ሁለትን ከወሩ ይሰርዝብኛል። ስለዚህ የራሴን መጨረሻ አነበብኩለት። ዘይን ተሻገረች፣ ሽመና ተማረች፣ በበዓል ቀን ለአባቷ ሰማያዊ የሱፍ ሻል ሸምና ይዛለት መጣች። አባቴ እስከ መጨረሻው ሳያስቆመኝ ሰማኝ። ከዚያ «ሻሉ ወፍራም ነው?» አለ። ወፍራም ነው አልኩት። «በዓሉ በብርዱ ወቅት ከሆነ ደግ» አለና ተኛ።

ዋሽቻለሁ አብላ፤ ግን ያለ ውሸቱ መንገድ የለኝም። ሰሞኑን «ያቺ ዘይን ማዶ ስታድር የት ነበር የምታርፈው?» ብሎ ጠየቀኝ። እየተለሳለሰ ነው፤ ይሰማኛል።

ቡሰይና

—

እስክንድርያ፣ ነሐሴ 9

ለልጄ ለቡሰይና፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ አሳቀኝ፤ ቀጥሎም አስፈራኝ። ውሸቱን በደስታ የተቀበለ ሰው እውነቱን ሲሰማ ሁለት ጊዜ ነው የሚናደደው። ራስሽ እንድትነግሪው እመክርሻለሁ፤ ቀኑን ግን ያንቺ ልብ ያውቀዋል።

ለማደሪያሽ አስቤበታለሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የነበሩት ሰው ባለቤት ሲት ዲሚያና በዋዜማው ይቀበሉሻል፤ ቤታቸው ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ሦስት ሴት ልጆች አሳድገዋል። ለአባትሽ ይህን አንብቢለት።

በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ስለ ዘይን መስጠም አንድ ገጽ ጻፊልኝ። ጎርፉ በታሪኩ ውስጥ የምን ምሳሌ ነው? ከመልስ መጽሐፏ ዐሥራ አራተኛው ገጽ ላይ አለልሽ።

ኢቅባል

—

የነብቅ ደሴት፣ ነሐሴ 20

ለአብላ ኢቅባል፤

ሰላም ይድረስዎ። ስለ ጎርፉ አንድ ገጽ ጻፊልኝ ብለውኝ ነበር፤ ይኸው ስለ ጎርፉ ልጽፍልዎት ነው።

ዐይኔን ታምሜ ነበር። በዚህ ወር ደሴቱ ሁሉ ዐይኑን ይታመማል፤ እኔም አምስት ቀን በጨርቅ ታስሬ ተኛሁ። ደብዳቤዎ የደረሰው በዚያ መሃል ነው። አባቴ እስክድን መታገሥ አቅቶት፣ የዘይንን ነገር ቶሎ ለመስማት ቸኩሎ፣ እዚያው ፖስታ ቤት ለሠራተኛው ለሚኻኢል አፈንዲ ሰጠው። ሚኻኢል አፈንዲ ደግሞ አንባቢ ናቸው፤ ነጥብ እንኳ አይዘሉም።

ቤት ሲገባ ዐይኔ እንደታሰረ ነው። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ከአጠገቤ ቁጭ ሲል አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ዘይን ሰጥማለች ለካ» አለኝ።

ጨርቁን ዐይኔ ላይ ይበልጥ አጠበቅኩት። 

«ሻሉስ?»

«ሻል የለም አባ።»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት የእንጨት ድምፅ ነው። መቅዘፊያዎቹን ከውጭ አምጥቶ ከአልጋው ሥር ከተታቸው። ልክ እንደ ሰውየው! አሁን በየምሽቱ ያስገባቸዋል፣ በየጠዋቱ ይዟቸው ይወጣል። እኔም ከላያቸው ተኝቼ አድራለሁ። የታሪኩን መጽሐፍ ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል፤ ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው። ከቤት እስከ ዳርቻው አርባ አንድ እርምጃ ቀርቷል። ውሃው በአራቱም በኩል ነው፤ አባቴ በአምስተኛው።

ይህን ደብዳቤ ራሱ ነው የሚወስደው።  ሚኻኢል አፈንዲ ሊያነቡለት እንደሚችሉ አውቃለሁ። እንግዲያው ሚኻኢል አፈንዲ፣ ከዚህ ጀምሮ ጮክ ብለው ያንብቡለት።

አባ፣ የዋሸሁህ ስለፈራሁህ ነው። አንተ ደግሞ ወንዙን ፈርተህ እኔን አሰርክ። ኢንሺራሕን እኔም አጥቻታለሁ፤ አንድ ትራስ ነበር የምንጋራው። ከሞተች ወዲህ ግን አንድም ቀን ስሟን አንሥተን አናውቅም፤ ስለ ዘይን እንጂ ስለ ኢንሺራሕ ማውራት አትችልም። እዚህ ብቀር አልሞትም፤ ልክ ነህ። በየቀኑ ታየኛለህ። ግን የምታየው ማንን እንደሆነ አላውቅም። ይኸው ነው። ከፈለግህ ደብዳቤውን ወንዝ ውስጥ ጣለው።

አብላ፣ በእርስዎ ወረቀት ላይ ለሌላ ሰው ስለጻፍኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቡሰይና

—

እስክንድርያ፣ ነሐሴ 27

ለቡሰይና፤ ለክቡር ዓም ሺሓታም፤

ደብዳቤው ወንዝ ውስጥ አልተጣለም፤ ደርሶኛል። ማኅተሙ ላይ የጭቃ ጣት አሻራ አለ።

ዓም ሺሓታ፣ ይህን ሚኻኢል አፈንዲ የሚያነቡልዎት ከሆነ፣ በሚያዝያ ስለተናገርኩት አፍ እላፊ ይቅር ይበሉኝ። ልጅ የቀበረ አባት ላይ ሰው በተሰበሰበበት መጮህ አልነበረብኝም።

ቡሰይና፣ ለምን እንደተዛወርኩ አሁን ልንገርሽ፤ ከእንግዲህ መደበቁ ለማንም አልበጀም። በየካቲት ተቆጣጣሪ ክፍል ገብቶ ነበር፤ አንቺ ያን ቀን አልነበርሽም። ልጆቹን «አሻጋሪውን ታምኑታላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እኔ አላምነውም። መጀመሪያ ካነበብኩት ጀምሮ አላመንኩትም። አንድ ሰው «እጄን አላነሣሁባትም» እያለ ሦስት ጊዜ ለምን ይምላል? ማን ጠየቀው? ተቆጣጣሪው ግን መጽሐፉን ገልጦ «የዋሸው የቱ መስመር ላይ ነው? አሳዪኝ» አለኝ። ፈለግኩ። ቆሜ፣ ሠላሳ ልጅ እያየኝ፣ ገጹን ገለበጥኩ። አላገኘሁም። «ከመልስ መጽሐፉ ውጭ ታስተምራለች» ብሎ ጻፈ፤ በግንቦት እዚህ ነኝ። እስከ ዛሬ ማታ ማታ ያንን መስመር እፈልጋለሁ። ምናልባትም የለም፤ ምናልባትም እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፣ ከሄድሽ የመጽሐፏን መልስ ጻፊ። እኔ የከፈልኩትን አንቺ አትክፈዪ።

ከሄድሽ ነው ያልኩት። ደብዳቤ አምስት ቀን ይፈጃል፤ ይህ ሲደርስሽ ጳጉሜ ይገባል። ሲት ዲሚያና ፍራሽ አዘጋጅተው ይጠብቃሉ።

ኢቅባል

—

የነብቅ ደሴት፣ ጳጉሜ 4

አብላ፣ አብላዬ፤

የሰላምታውን ወግ ዛሬ ይተዉልኝ።

ደብዳቤዎን ሚኻኢል አፈንዲ አንብበውለታል። ከትናንት በስቲያ ከሥራ ገባና ከአንገቱ ቁልፉን አውጥቶ ሳጥኑን ከፈተ። መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

«ያ ተቆጣጣሪ አስተማሪሽን የቱ መስመር ላይ ነው አላት አይደል?»

«አዎ አባ።»

«እኔ ይህን ሰውዬ ወንድሜ ነው ብዬ ቤቴ አስገብቼዋለሁ። አሁን ውሸታም ነው ትላለች። በይ እውነተኛውን መጨረሻ አንብቢልኝ። አንዲት ቃል ብትውጪ ወላሂ ይታወቀኛል።»

አነበብኩለት። ዘይን ተቆጥታ ጀልባዋ ውስጥ መተኛቷን፣ ጎርፉ ሲመጣ ሰው ሁሉ መተኛቱን። ከዚያ ያንን መጨረሻ፦ «እኔ እጄን አላነሣሁባትም። ጀልባዋ እንዳትሄድባት ከሾላው ሥር በሁለት ክንድ ገመድ አጥብቄ አሰርኩላት። ጠዋት ገመዱ ነበረ። ውሃ የወሰደውን ውሃ ያውቃል።» ተሳፋሪውም ሰላም ሳይለው ወርዶ ሄደ።

አባቴ እጁን አነሣ። «ድገሚው።»

ደገምኩት።

«ስንት ክንድ?»

«ሁለት።»

«በየትኛው ወር?»

«በነሐሴ መጨረሻ። ወንዙ ሲሞላ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን እንደ ሳል ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ? በነሐሴ መጨረሻ ሁለት ክንድ?»

አብላ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አፈርኩ! ተወልጄ ያደግኩት ገመድ ላይ ነው። ወንዙ በሚሞላበት ወር ጀልባ በአጭር አይታሰርም። ውሃው በአንድ ሌሊት ሁለት ክንድ ሊነሣ ይችላል፤ ጀልባው አብሮ እንዲነሣ ረጅም ገመድ ይለቀቅለታል። በአጭር ከታሰረ ውሃው ከፍ ሲል ገመዱ አፍንጫውን ይዞ ወደ ታች ያስቀረዋል፤ ይሞላል፤ ይሰጥማል። ይህን ደሴቱ ላይ የሰባት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። እኔ ግን መስመሩን መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አላየሁትም። «አስተዋይ» እያልኩ እርምጃ ስቆጥር ነበር።

«ጎርፉ አልወሰዳትም» አለ አባቴ። «ጎርፉማ ሊያነሣት ነበር። ገመዱ ነው ያስቀራት። አርባ ዓመት የቀዘፈ ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ያውቃል! እንዳትሄድበት አሰራት፤ አሁን ሰው ባገኘ ቁጥር ይምላል።» ወደ መጽሐፉ ጠቆመና «ያ ዝምተኛው ተሳፋሪም የወንዝ ሰው ነው። ሁለት ክንድ ሲል ገብቶታል። ለዚያ ነው ሰላም ያላለው» አለ። «ለአስተማሪሽ ጻፊላት። መስመሩ ይኸው ነው በያት።»

ይኸው ጻፍኩልዎት። አልተሳሳቱም አብላ። መስመሩ አለ።

ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። እስኪመሽ ሾላው ሥር ተቀምጦ የገዛ ጀልባውን ሲያይ በመስኮት አየሁት። ከዚያ ወዲህ አልበላም ማለት ይቀላል። ስለ መስከረም ሁለት አንድም ነገር አልተነፈሰም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ብጠይቀው እምቢ ማለት ይቀለዋል። መቅዘፊያዎቹ ዛሬም ከአልጋው ሥር ናቸው። ከቤት እስከ ዳርቻው አሥራ ዘጠኝ እርምጃ።

ሁለት ነገር አስጨንቆኛል። አንዱ መሄዴ ነው። ሌላው፣ ከሄድኩ የትኛውን መልስ ልጻፍ? መልስዎ እስኪደርሰኝ ቀኑ ያልፋል፤ እያወቅኩ ነው የምጠይቅዎት።

ቡሰይና

—

ከወንዙ ማዶ፣ ፖስታ ቤት፣ መስከረም 2

ለአስተማሪዋ ለሲት ኢቅባል፤ እስክንድርያ።

ይህ የአሻጋሪው የሺሓታ ዐብዱልዓል ቃል ነው፤ እጁ የእኔ የሚኻኢል ነው። ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ይጻፉ ስላለኝ ሳልቀንስ ሳልጨምር ጽፌአለሁ።

ሰላም ለአንቺ ይሁን ልጄ። ይቅርታሽ ደርሶኛል። እንደ ጎሽ አስረሃት ስትዪኝ በጣም ነው የተናደድኩት። ጎሽ እንኳ በረጅም ነው የሚታሰረው፤ ያን ጊዜ ይህን ልመልስልሽ ነበር፣ አፌ ላይ ቀረ። ጥሩ ነው የቀረው።

ትናንት ጠዋት መቅዘፊያዎቹን አወጣሁና «ተነሺ» አልኳት። የት ነው ሳትለኝ ደብተሯን ያዘች፤ ሦስት ቀን ለብሳ ነው የተቀመጠችው ለካ። ወንዙ ከባድ ነበር፤ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ቀዝፈናል፣ አንዱን መቅዘፊያ እሷ ይዛ። መሃል ላይ ስንደርስ ኢንሺራሕን አነሣሁ። ስሟን ጠራሁ ማለቴ ነው። ካልጠራሁት ስምንት ዓመቴ ነው። ቡሰይና አለቀሰች፣ ግን መቅዘፉን አላቆመችም።

ከሲት ዲሚያና ቤት አደረች። ደግ ሴት ናቸው፤ እኔንም ግቡ ብለውኝ ነበር። እኔ ጀልባዬ ውስጥ አደርኩ። ዐሥራ ሁለት ክንድ ለቅቄለት ነው ያሰርኩት። ወንዙ ሲያነሣኝ ይሰማኝ ነበር።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ኢንሺራሕን ትኩሳት ነው የወሰዳት፤ ወንዙም አይደለም፣ ማዶም አይደለም። ያን ዓመት እኛም ደሴት ላይ ስድስት ሕፃን በዚያው ትኩሳት ቀብረናል። ሁልጊዜም አውቀው ነበር። እያወቅኩ ቡሰይናን አሰርኳት። ያንን ሰውዬ ለዚህ ነው የጠላሁት፤ ወንድሜ ያልኩትም ለዚህ ነው።

አሁን የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቷል። እሷ ውስጥ ናት፤ እኔን ዘበኛው አታልፍም አለኝ። በሩ ፊት ለፊት እዚህ ሚኻኢል ዘንድ ተቀምጬ እያየሁት ነው። ስትገባ «የቱን ትጽፊያለሽ?» አልኳት። «ያንተን አባ» አለችኝ። ሆዴ ባባ፤ ቀጥሎም ፈራሁ። ፈታኙ የደረቅ መሬት ሰው ከሆነስ? ገመድ ምን እንደሆነ ባያውቅስ? ስለዚህ አንቺ የተማርሽ ነሽና ለሚመለከተው ጻፊልኝ፦ የነብቅ ደሴት አሻጋሪ ሺሓታ አርባ ዓመት ወንዝ ላይ ኖሯል፤ በነሐሴ መጨረሻ ሁለት ክንድ ገመድ መግደል ነው ብሎ መስክሯል። ከተፈለግኩ ሠላሳ ሰው ይዤ እመጣለሁ።

(እኔ ሚኻኢልም ፈርሜያለሁ። የፖስታ ሠራተኛ ብሆንም የወንዝ ዳር ሰው ነኝ።)

ካለፈች አስዩጥ አምስት ዓመት ነው ይላል ሚኻኢል። አምስት ጎርፍ ማለት ነው። አሥራ አምስት ቀን አስቤበታለሁ፤ ይሁን ብያለሁ። በረጅሙ ነው የምለቃት፣ ግን እንድትቆረጥብኝ አልፈልግም።

ልጄ፣ ያ እሷ የፈጠረችው መጨረሻ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ሻሉ ይቅር፤ ሻል አለኝ። ብቻ አንድ ነገር አጣርተሽ ጻፊልኝ፤ እዚያ አስዩጥ፣ ተማሪዎቹን በበዓል ወደ ቤት ይለቋቸዋል?